ወደ ማዶ የተባረረው ከርከሮ

አንድ ሸንተረር ሁለት መንደሮችን ይለያል። በወዲህ በኩል ያለው ዋርካ፣ በወዲያ በኩል ያለው ሾላ ይባላል። ከሸንተረሩ አናት ላይ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ያላቸው አንድ የበቆሎ ማሳ ነው። በቆሎው ከደረሰ ዓመቱን ይበላሉ፤ ካልደረሰ ግን የሰው ደጅ መጥናት ነው።

በዚያ አገር ቀድሞ ከርከሮ አይታወቅም ነበር። ከርከሮ የቆላ አውሬ ነው። ነገር ግን የሁለቱም መንደር ሰዎች ቆላ እየወረዱ ጫካውን መንጥረው ሲያርሱት፣ አውሬው መጠጊያ አጣና ሽቅብ እየወጣ እነሱው ዘንድ ደረሰ። ምስኪን፣ እሱም ሆድ አለው። ልጆቹን አስከትሎ ይመጣና እንደ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ በጉልበቱ ተንበርክኮ መሬቱን ይቆፍራል። ከእንዲህ ያለው ስግደት በኋላ ታዲያ ማሳ የሚባል አይተርፍም።

የዋርካ ሰዎች መክረው አያ ጓንጉል የሚባሉትን አንጋፋ አዳኝ መሪ አደረጉና ጦርና ውሻ ይዘው ወጡ። አንድ ችግር ግን ነበረባቸው። ከርከሮ አይበላም፤ ሬሳውን መንካትም ያረክሳል ይባላል። በልማዳቸው ደግሞ የሚቀብረው የገደለው ሰው ራሱ ነው። ስለዚህ ጦር የሚወረውር ጠፋ። ሁሉም ይጮኻል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ውሻ ይለቃል። አውሬው ሸንተረሩን ሲያልፍ "ተገላገልን" ብለው ይመለሳሉ። ጦራቸው የደም ጠብታ ሳይነካው መንደር እስኪደርሱ ድረስ መፎከራቸው አይቀርም።

የሾላ ሰዎችም በዚህ አይታሙም። ከርከሮው ሲደርስባቸው በዚያው ልማድና በዚያው ጩኸት ወደ ዋርካ ይመልሱታል። ከራስ በላይ ነፋስ ነውና ስለ ማዶው ሰው ያሰበ አልነበረም። ሲሄድም ሲመለስም መንገዱ በእትዬ ደብሪቱ በቆሎ መካከል ነው። ከአውሬው የተረፈውን በቆሎ ውሻ ይሰብረዋል፣ ከውሻ የተረፈውን ሰው ይረግጠዋል።

እትዬ ደብሪቱ ሄደው ለአያ ጓንጉል አቤት አሉ።

"ምን ላድርግ እትዬ? አውሬ እኮ መንገድ አይመርጥም" አሏቸው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የገዛ ማሳቸው አሳስቧቸው ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ሁለቱም መንደሮች ሳይነጋገሩ በአንድ ጠዋት ለአደን ወጡ። እነዚህ ከወዲህ፣ እነዚያ ከወዲያ እየነዱ ሲመጡ ሸንተረሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ከርከሮዎቹ መውጫ አጥተው በበቆሎው ውስጥ ይራወጣሉ። አንዲቱ እናት ከርከሮ ልጆቿን ከኋላዋ ሸሽጋ ቆማለች።

"ለካ ወደ እኛ የምትልኩብን እናንተ ናችሁ?" አለ ከሾላ ሰዎች አንዱ።

"እናንተስ?" አሉ አያ ጓንጉል።

እትዬ ደብሪቱ ከጎጇቸው ወጥተው በመካከላቸው ቆሙ። "ሁለታችሁም ናችሁ" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "እናንተ እንግዳ ስትላላኩ መስተንግዶው በእኔ ማሳ ነበር።"

አያ ጓንጉል አንገታቸውን ደፉ። "እትዬ፣ መግደሉ አቅቶን አይደለም። ሬሳውን መንካቱ ያረክሳል ብለን ነው።"

"የረከሰ እጅ በውሃ ይነጻል አያ ጓንጉል። የጠፋ እህል በምን ይመለሳል?"

አያ ጓንጉል መጀመሪያ ጦራቸውን ወረወሩ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ያመለጠው አምልጦ የሞተውን አብረው ቆፍረው ቀበሩት። የዚያን ቀን የፎከረ የለም። እናቲቱ ጉድጓድ ስትገባ እትዬ ደብሪቱ ፊታቸውን አዞሩ። "እሷም ከቤቷ ተባርራ ነው የመጣችው" አሉ። በጣም አዘኑላት።

ይህን የሰሙ ሁለቱ መንደሮች ከቆላው ጫካ የቀረውን ማንም እንዳይመነጥር ተማማሉ። ያመለጠው ከርከሮ ወደ ማሳ እንዳይሻገርም በሸንተረሩ ዙሪያ በደቦ ጥልቅ ቦይ ቆፈሩ። የእትዬ ደብሪቱ በቆሎ ግን አልተመለሰም። ያን ዓመት የኖሩት ከዋርካም ከሾላም በሚመጣላቸው እህል ነው። በተቀበሉ ቁጥር "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደጎች ናችሁ። የራሴን በቆሎ ብበላ ግን ይሻለኝ ነበር" ይሉ ነበር።

ወዳጄ፣ ችግርን ከደጅ ማባረር ችግርን መፍታት አይደለም። ሁሉም ሰው እጄን አላቆሽሽም ብሎ የገፋው ነገር መጨረሻው አቅም የሌለው ሰው ላይ መውደቅ ነው፤ ያን ጊዜ የሚሰጥ ምጽዋትም የጠፋውን አይተካም። እስቲ እንጠያየቅ፦ እኛ እጃችን እንዳይቆሽሽ ብለን ወደ ማዶ ያባረርነው ዛሬ በማን ማሳ እያለፈ ይሆን?