መስመሩ አልተቆረጠም

አንድ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረ። ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ ቢያስቸግረው አሮጌውን ሁሉ አስጠፍቶ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስጫነበት። ሲከፍተው እስክሪኑ ላይ ጉም የለበሰ ተራራ ወጣ። አዲስ ቤት የገባ ያህል ደስ አለው።

ኔትወርክ ግን የለም። ከታች በጥጉ ያለችው ትንሽ ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎባታል። ቀኑ ዓርብ ነው፤ የሠላሳ ስምንት ልጆች ስም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ ለፈተና አይቀመጡም።

ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። ሌላ ገመድ ለወጠ። አጥፍቶ አበራ። ወጥቶ ምሰሶውን አየ፤ ሽቦው ላይ ወፎች ተደርድረው ዝም ብለዋል።

«መስመሩን ቆርጠውብኛል» አለ።

ተመልሶ ተቀመጠና ያንን ተራራ ሲያይ ሲያይ ልቡ ሄደ። በጉሙ ውስጥ የሚራመድ መሰለው። ልጆቹ ከወዲያ ማዶ ቆመው እያንዳንዳቸው ስማቸውን ይጠራሉ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ባንኖ ቀና ሲል ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ከግድግዳው ወዲያ የንብረት ክፍሏ እትዬ አስካለ አሉ። እሳቸው ኔትወርክ አላቸው። ነገር ግን ጸሐፊው በወሰደባቸው አንድ ወንበር ተጣልተው ከጥምቀት ወዲህ ሰላም አይባባሉም። ጸሐፊው ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። ሄዶ አንኳኳ።

«ዛሬ ምን እግር ጣለህ? ወንበር ጎደለህ እንዴ?» አሉት።

«እትዬ አስካለ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጆቹ ከፈተና ሊቀሩብኝ ነው።»

ተከትለውት ገቡ። ከኮምፒውተሩ ኋላ ጎንበስ ብለው አዩ። ገመዱ በተሰካበት ቀዳዳ አጠገብ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«መስመሩማ ደጅህ መጥቶ ቆሟል። አዲሱ ነው የራሱን በር የማያውቀው። በሩን የሚያሳየው ድራይቨር የሚሉት አለ፤ ከአሮጌው ጋር አብሮ ጠፍቶብሃል።»

«ከየት ይገኛል?»

«ከኔትወርክ።»

«እሱንማ አጥቼ አይደል!»

«እኔ አላጣሁም» አሉ።

ክፍላቸው ሄደው በፍላሽ ጭነው አመጡለት። ቀይዋ ኤክስ ጠፋች። አሥራ አንድ ሳይሞላ ስሞቹ ሁሉ ሄዱ።

«ወንበሬስ?» አሉ ከበሩ ላይ። ተሸክሞ አደረሰላቸው።

አንተም ልጄ፣ «ንስሐ ገብቼ አዲስ ሰው ሆኛለሁ፣ ጸሎቴ ግን አይደርስም፤ እግዜር ዘግቶብኝ ይሆን ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይቺን ግን አውቃለሁ። አልዘጋብህም። መስመሩ ደጅህ መጥቶ ቆሟል፤ በሩን ያላወቀው ልብህ ነው። የጎደለህን ደግሞ ብቻህን ተንበርክከህ አታመጣውም። በወንድምህ እጅ አስቀምጦልሃል፣ በድንበር አጥር ተኳርፋችሁ ዓመት በሞላችሁ በዚያ በወንድምህ እጅ። አሁን እቤቱ ነው፤ ሂድና አንኳኳ። ስትመለስ አብረን እንጸልያለን። ያን ጊዜ ደረሰ ወይስ አልደረሰ ብለህ እኔን አትጠይቀኝም።