አራት ጊዜ የተጨመረ ጨው

አንድ ቀማሽ ነበር። ቀማሽ ስላችሁ ድስት ከፍቶ የሚልስ ሆዳም እንዳይመስላችሁ። መቅመስ ሥራው የሆነ፣ በምላሱ የሚተዳደር፣ የተከበረ ሰው ነበር።

የሚኖርባት ከተማ ኮረብታ አናት ላይ ናት። ክረምት ሲገባ ጉም ከገደሉ ሥር ይነሣና ከተማይቱን ይውጣታል። ያኔ ቤት አይታይ፣ አጥር አይታይ፤ ሰዉ መንገዱን የሚያገኘው ሽታ እየተከተለ ነው። ሽንኩርት ከሚቁላላበት ቤት ወደ ግራ፣ ገብስ ከሚቆላበት ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ወንዙ። እንግዳ ሰው እዚያው ሲዞር ይውላል፤ ያገሩ ሰው ግን በሕልሙ እንደሚሄድ ሁሉ ቀስ እያለ ሄዶ ቤቱ ይገባል።

ታዲያ በዚያች ከተማ እንደ ቀማሹ ያለ አፍንጫና ምላስ አልተፈጠረም። ምስር አፉ ሲገባ የበቀለበትን ማሳ ይናገራል። ሃያ ዓመት ሙሉ በንጉሡ ግብር ቤት በር ላይ ቆሟል፤ እሱ ሳይቀምሰው ወጥ ወደ ማዕዱ አያልፍም። የጣቱን ጫፍ ነከር ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል፦ «ይግባ» ወይም «ይመለስ»። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። በጾም ቀን መቅመስ ስለማይገባ በአፍንጫው ይፈርዳል። ስንትና ስንት ጎበዝ ወጥ ቤቶች ድስታቸውን ታቅፈው ሲያለቅሱ ታይተዋል መሰላችሁ! እሱ እንደሆነ በልመናም በቁጣም ንቅንቅ አይልም። «ምላሴ ለእናቴም አይዋሽ» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ዋሽቶም አያውቅ።

ክፋቱ ምንድን ነው፣ ሥራውን ግብር ቤት ትቶት አይመጣም።

አራት ልጆች ነበሩት። ትልቋ ማንጠግቦሽ ትባላለች። አሥር ዓመቷ ሳለ የመጀመሪያ ወጧን ሠርታ፣ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችለት። ነከረ፣ ጨፈነ፣ «ይመለስ» አለ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ወጡ አልበሰለም ነበር። ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም። ሳህኑን አንሥታ ጓዳ ገባች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማማሰያ በእጇ አልነካችም። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ከአባቷ ጋር ያላት ወሬ «ደኅና ዋልክ» እና «ደኅና እደር» ብቻ ሆኖ ቀረ። ቀማሹ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደጎደለ ይታወቀዋል፤ ሲገባም ሲወጣም ይከፋዋል። ምን እንደሆነ ግን ያ የተመሰገነ ምላሱ ሊነግረው አልቻለም።

ዓመቱ ዞሮ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ ሕፃን አዋቂው የሚጾመው ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የለም። እናታቸው እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠብቅ ማዶ ሰፈር ሄዳለች፤ እንጀራውን ጋግራ በመሶቡ ሞልታላቸው ነው የሄደችው። በዚሁ ሰሞን ንጉሡ ቀማሹን አስጠራው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጣመኝ ነገር አፌ ገብቶ አያውቅም» አለው ንጉሡ። «ያንተ ሥራ ነው። ተባረክ።»

የወርቅ ጥልፍ ያለው ጥቁር ካባም አለበሰው። ቀማሹ እጅ ነሥቶ ወጣ። ጾም ነውና ድግስ የለ፣ ጭፈራ የለ። ካባውን ለብሶ ብቻውን ጉሙ ውስጥ ገባ። ደስ ሊለው ሲገባ አልሆነለትም። «ማን ያየኛል?» አለ ለራሱ። «ቤት ብገባስ ማን እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል?»

እንዲህ እያሰበ ሲሄድ የሽንኩርት ሽታ ደረሰበት። በኑግ ዘይት ቀስ ብሎ የሚቁላላ ሽንኩርት ነው፣ ነጭ ሽንኩርትም ገብቶበታል። ቀጥሎ የሽሮ ሽታ መጣ፤ የተቀቀለ ድንችም አለ፤ ሰናፍጭም አለ። ቀማሹ ቆመ። ጉሙ ራሱ የሞቀ መሰለው።

«ይህ የታደለ ሰው ቤት ነው» አለ በቅናት። የእሱ ቤት ሚስቱ ከሄደች ወዲህ እሳት አልነደደበትም፤ ስለዚህ የእሱ እንዳልሆነ እርግጠኛ ሆኖ አለፈው። አለፈና የውሃ ድምፅ ሰማ። ወንዙ ጋ ደርሷል! ቤቱን አልፎት መጥቷል ማለት ነው። ተመለሰ። ያው ሽታ ተቀበለው። አሁንም አለፈው፤ የገብስ ቆሎው ቤት ደረሰ። ያ ከተማው ሁሉ የሚመካበት አፍንጫ የገዛ ደጁን አጣው እላችኋለሁ!

«አባዬ!» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ ከጉሙ ውስጥ። የመጨረሻው ልጁ ጎሹ ነው። «ሳልህን ሰማሁት። ሁለት ጊዜ አለፍከን እኮ! ቤትህን ረሳኸው እንዴ?»

ጎሹ እጁን ይዞ እየጎተተ አስገባው።

ገበታው ተዘርግቷል። በአንድ ሳህን የተቀቀለ ድንች አለ፤ ጎሹ ነው የላጠው፣ ልጣጩ የወሰደው ድንች ከተረፈው ይበልጣል። ወንድሙ ይልቃል አዚፋ ሠርቷል፤ ሰናፍጩ ከሩቅ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እህታቸው ስንዱ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፋለች፤ ግማሹ ደቋል ግማሹ እንዳለ ነው። መሐል ላይ ሽሮው በሸክላ ድስት ይንተከተካል። የሦስቱ ልጆች ዓይን በሽንኩርት ቀልቷል፣ የስንዱ አፍንጫ ጥላሸት ነክቶታል። ማንጠግቦሽ ግን ጓዳው በር ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ቀሚሷ ላይ በርበሬ ተረጭቷል። ቀማሹ ይህን ሲያይ ልቡ ዘለለ፤ እሷም እጇን አስገብታለች ማለት ነው።

«ካባ እንደምትሸለም ከጠዋት ሰማን» አለች ስንዱ። «የሰው አባት ሲሸለም ይደገስለት የለ? እኛም ደገስንልህ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ይበላል» አለ ይልቃል።

ቀማሹ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ የጣቱን ጫፍ ሊነክር ሲል ጎሹ ቀደመው። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ «አፍህን ክፈት!» አለው። መቼስ የልጅ ጉርሻ አይመለስ፤ በጣት ጫፍ አይመረመር። አፉን ከፈተ፣ ጉርሻው እንዳለ ገባ።

ኧረ ጉድ! ጨው ነው እንጂ ሽሮ አይደለም። ምላሱ ተኮማተረ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሃያ ዓመት የለመደችው ቃል በራሷ ጊዜ ተነሥታ ጉሮሮው ላይ መጣች። አራት ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው አፍ አፉን ያያሉ። ቢዋሽ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያው ውሸት በልጆቹ ፊት ሊሆን ነው። እውነቱን ቢናገር ደግሞ ማንጠግቦሽን ዳግመኛ አያገኛትም። ይህን ሲያስብ ቀና አለ። ማንጠግቦሽ አጠገቡ ደርሳለች። እሱ ገና ምንም ሳይል ድስቱን ልታነሣ እጇን ዘርግታለች።

ያቺ የተዘረጋች እጅ ከጨው ይልቅ አቃጠለችው።

«ተዪው፣ ልጄ» አላት።

«ጨው በዝቷል አይደል?» አለች። «እውነቱን ንገረኝ።»

«በዝቷል» አለ ቀማሹ። ቀስ ብሎ አላመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን በዚህ ጊዜ ሊፈርድ አልነበረም። «አራት ጊዜ ገብቶበታል። አንደኛው ሽንኩርቱ ሲቁላላ የተጨመረ ነው። ሁለተኛው ከበርበሬው ጋር ገብቷል። ሦስተኛው ሽሮው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ነው። አራተኛው...» አለና የሆነ ነገር በጥርሱ ከጭ አደረገ፤ «አራተኛው ገና አልሟሟም።»

ልጆቹ ተያዩ።

«የሽንኩርቱ የእኔ ነው» አለ ይልቃል። «ስንዱ ትረሳለች ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንተ የረሳህ መስሎኝ!» አለች ስንዱ። «ለምን አትነግረኝም ታዲያ?»

«እኔ ልናወጣው ስንል ነው፤ አንድ እፍኝ ብቻ» አለ ጎሹ። ሁሉም «እፍኝ?!» ሲሉበት፣ «እጄ እኮ ትንሽ ነው» ብሎ መዳፉን ዘርግቶ አሳያቸው።

«ሦስተኛው የእኔ ነው» አለች ማንጠግቦሽ። «ጾም ስለሆነ መቅመስ አልቻልንም። ጨው አንሶት ይመለስ እንዳትለው ፈራሁ።»

ቀማሹ ሳይታወቀው እንባው ወረደ። የጨው ነው እንዳይል፣ ጉርሻውን ከዋጠ ቆይቷል።

«ስሙኝ» አለ። «በግብር ቤት ሃያ ዓመት ስቀምስ፣ ለእኔ ለራሴ እንዳይጎድልብኝ ብሎ ጨው የጨመረ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። ዛሬ አራት ሰው ተጨነቀልኝ።» ወደ ማንጠግቦሽ ዞረ። «ያን ጊዜ ወጥሽ ጥሬ ነበር፤ እሱን አልዋሽሽም። ግን ወጡን ስመልስ አንቺንም አብሬ እንደመለስኩሽ አላወቅኩም። አጠገቤ አስቀምጬ፣ እሳቱን አብሬሽ ማንደድ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።»

ማንጠግቦሽ ሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን ለቅሶ አለቀሰችው። አባቷ ካባው ውስጥ ሸሸጋት፤ ጥልፉ በበርበሬ ጨቀየ፣ ግድም አልሰጠው።

«በሉ እንግዲህ፣ ለቅሶው ይብቃ፤ ርቦኛል!» አለ በመጨረሻ። «ስንት ሽሮ ዱቄት አለን?»

ካባውን አውልቆ ግድግዳው ላይ ሰቀለና ከልጆቹ ጋር ጓዳ ገባ። ውሃ ሲጨምሩ ሽሮው ቀጠነ፤ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ሲጨምሩ ድስቱ ሞላ። ይልቃል ከጎረቤት የድግስ ድስት ተውሶ እያንከባለለ አመጣ። ቀማሹ ማማሰያውን ይዞ ለማንጠግቦሽ አንድ ጠብታ መዳፏ ላይ አደረገላት።

«ቅመሺ» አላት።

«እኔ? አንተ እያለህ?»

«አንቺ የምትይውን ነው የምጨምረው።»

ቀመሰች። «ውሃ» አለች፤ ጨመረ። እንደገና ቀመሰች። «ዱቄት» አለች፤ በጥብጦ ጨመረ። ሦስተኛ ጊዜ ቀምሳ ብዙ አሰበች፤ ጉሙ በመስኮት ገብቶ እንፋሎቱ ላይ ተኛ።

«አሁን ደኅና ነው» አለች።

ቀማሹ ድስቱን ከእሳት አወረደው። አልቀመሰውም። ሃያ ዓመት በሙሉ፣ እሱ ሳይፈርድበት ገበታ ላይ የወጣ የመጀመሪያው ወጥ ይህ ነው።

ወጡ ለአምስት ሰው ስለበዛ ጎሹ ደጅ ወጥቶ «ኑ ሽሮ ብሉ!» እያለ ጉሙን ሞላው። ጎረቤቶች እንጀራቸውን በነጠላ ሸፍነው አንድ በአንድ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ። ጣማቸው ወይ ብትሉኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር፣ ውሃ ደጋግመው ጠይቀዋል። ሲመሽ ግን ድስቱ ውስጥ የሚጠረግ አልተረፈም። ማንጠግቦሽም ለአባቷ የሦስት ዓመት ወሬ ስትነግረው አመሸች።

ወዳጆቼ፣ ይህ ታሪክ ለልጅ ዋሹ አይልም፤ ቀማሹም አልዋሸም። የሚለው፣ ጨዉን ከማየታችን በፊት ጨዉን የጨመረውን እጅ እንይ ነው። ልጆች የሚወዱንን ያህል ልኩን አያውቁም፤ ድንቹን አወፍረው ይልጣሉ፣ ጨዉን አራት ጊዜ ይጨምራሉ። ጥፋቱን የነገረ አባት እውነት ተናግሯል፤ ጥፋቱን ነግሮ አብሮ ጓዳ የገባ አባት ግን ልጁንም አተረፈ። ዛሬ ልጃችሁ በገዛ እጁ የሠራውን ነገር አቅርቦ ፊት ፊታችሁን እያየ ቢቆም፣ ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው?