የቬርና የነሐስ ሕግ

ሮም በኢጣሊያ ተራሮች ላይ ሁሉ ባዘዘችበት በዚያ ዘመን፣ ቬርና በምትባል ከተማ ስቴኒስና ፓኪስ የሚባሉ ወንድማማቾች ከእህታቸው ከኦቪያ ጋር ይኖሩ ነበር። የከተማይቱ ሕግ በገዛ ቋንቋዋ በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ አደባባይ ላይ ቆሟል። አባታቸው በሕይወት ሳለ በየገበያው ቀን ለሕዝቡ ያነበው ነበር።

አንድ ቀን የሮማ አዛዥ መጣና፣ «ከእንግዲህ በሮም ሕግ ትዳኛላችሁ። ይህ ሰሌዳ ይቅለጥ!» አለ።

ታላቅየው ስቴኒስ ሰሌዳውን ከለለና፣ «መጀመሪያ እኔን!» አለ። የአዛዡ ወታደሮች እዚያው ገደሉት፤ ሰሌዳውን አቀለጡ፤ በንዴት አርባ ቤት አቃጠሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከቬርና ሰው አንድም ለአዛዡ እጅ የነሣ የለም።

ኦቪያ የወንድሟን ሬሳ አጥባ ቀበረች። ማልቀስ አቃታት። ከአባቷ አፍ የሰማችውን ሕግ ለሸማኔ ሴቶች ታስጠና ጀመር፤ ወታደር ሲያልፍ ዘፈን ታስመስለዋለች። ስለ ምንጭ ውሃ የሚናገረው አንቀጽ ብቻ ጠፋባት። ብትጠይቅ የሚያስታውስ አጣች። ፍትሕ የመሰላትን ከራሷ ጨመረች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ታናሽየው ፓኪስ ሮም ወረደ። ስሙን የሮማ ስም አደረገ፤ የሮማውያንን ቋንቋ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። ቬርና ውስጥ ስሙ ሲነሣ ሰው ምራቁን ይተፋል። በሃያኛው ዓመት በሮም ሸንጎ ፊት ሦስት ቀን ተሟግቶ፣ ቬርና በሕጓ እንድትዳኝ የተፈቀደበትን ደብዳቤ ይዞ መጣ።

ኦቪያ ከበሩ ላይ ጠበቀችው። «በየትኛው ስምህ ልጥራህ?»

«አንቺ በምታውቂው» አላት።

አዲስ ሰሌዳ ተሠራ። ኦቪያ ትናገራለች፣ አንጥረኛው ይቀርጻል። የውሃው አንቀጽ ላይ ስትደርስ አንጥረኛውን አስቁማ በጉባኤው ፊት፣ «ይህችኛዋ የአባቴ አይደለችም፤ የራሴ ናት» አለች። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ሃያ ዓመት የኖርንባት ናት ብሎ አስቀረጻት።

በከተማይቱ ደንብ መሠረት ከሰሌዳው ግርጌ ሕጉን ያቆየው የአንድ ሰው ስም ብቻ ይጻፋል። ቬርናን የሚያስተዳድረው የሮማ ሹም፣ «የእኔ ስም ይሁን» ብሎ ቢልክ፣ ጉባኤው በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» አለ። ከዚያ ወዲያ ግን መስማማት አቃተው። ከፊሉ ስቴኒስን፣ ከፊሉ ፓኪስን፣ ከፊሉ ኦቪያን ይላል። ኦቪያን ቢጠይቋት፣ «እኔ ልናገር እንጂ ልፈርድ አልተጠራሁም» አለች።

አንጥረኛው መሮውን ይዞ ቆሟል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የማን ስም ይቀረጽ?