የዝሆን ቤትና ባለ ሦስት ቋጠሮው ልጥ

ስሙኝማ፤ ከኋላ የምትንሾካሾኩትም ጭምር። ይህን ተረት የምነግረው ለልጆች ብቻ አይደለም። ትልልቆቹም ብትሰሙት አይጎዳችሁም፤ እንዲያውም ከልጆቹ ይልቅ ለእናንተ ሳይበጅ አይቀርም።

ድሮ ድሮ፣ እኔም አያቴም ባላየነው አገር፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ቀረ። እመት ጃርት የምትባል ባሏ የሞተባት እናት በዚያ አሸዋ ላይ ሰባት ቀን ቆፈረች። ጥፍሯ አልቆ ደም በደም ሆነች። በሰባተኛው ቀን ውሃ ወጣላት። ሁለት ልጆቿን አጠጣች፤ የተጠማ መንገደኛም አልከለከለችም።

ወሬው የዝሆን ቤት ደረሰ። የዝሆን ቤት ስላችሁ አንድ ዝሆን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጌታው አያ ዝሆን ነው። በሩን የሚጠብቀው ከርከሮ ነው፤ ቤቱን የሚያዘው ዝንጀሮ ነው፤ ጌታው ጀርባ ላይ ተቀምጣ ወሬ ጆሮው የምታደርሰው ሳቢሳ የምትባል ነጭ ወፍ ናት። ከእነሱ በታች ያለውን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ይህ ሁሉ ቤተሰብ ግልብጥ ብሎ መጣና ጉድጓዱን በእሾህ አጠረው፤ በርም አበጀለት።

"ኧረ ጉድጓዱ የእኔ ነው" አለች እመት ጃርት።

"እግራችን የረገጠው ሁሉ የእኛ ነው" አላት ከርከሮ።

"ልጆቼስ ምን ይጠጡ?"

"ጤዛ ይላሱ።"

ጤዛ ባልወረደበት ዓመት ጤዛ ይላሱ ይላል እንግዲህ። የጠገበ አነጋገሩ እንዲህ ነው፤ እኔም ስንቱን አይቻለሁ።

እመት ጃርት እሾኋን አቁማ ልትጋጠም ትችል ነበር። ግን ልጆች አሏት። ስለዚህ ወደ ዳኛው ሄደች። ዳኛው ጉሬዛ ነው፤ ነጭ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሾላ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ የማንንም እህል የማይነካ፣ ስለዚህም ማንንም የማይፈራ። ነገሯን እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ ከዛፍ ላይ ልጥ ላጠና ሦስት ቦታ ቋጠረው።

"ይህን ለዝሆን ቤት ስጪ" አላት። "ሦስት ቋጠሮ ሦስት ቀን ነው። በየቀኑ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እጠራለሁ። መጥቶ ይመልስ፤ ምክንያት ካለው እሰማዋለሁ። ሦስተኛው ቀን ካለፈ ግን በሌለበት እፈርዳለሁ።"

"አልደረሰንም ቢሉስ ጌታዬ?"

"እሱን እንግዲህ አንቺ እወቂበት።"

እሷም አወቀችበት። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቀለችና መካከለኛው ቋጠሮ ውስጥ ሰክታ ሄደች።

በመጀመሪያው ቀን በማለዳ ልጡን ለከርከሮ ሰጠችው። ከርከሮ አገላብጦ አሸተተው።

"ምንድነው ይሄ?"

"የዳኛ መጥሪያ ነው አያ ከርከሮ።"

"የእኔ ሥራ በር መጠበቅ ነው፤ መልስ መስጠት አይደለም። ግን አይዞሽ፤ ቤቱ ትልቅ ነው፣ መላሽ አይጠፋም።" ይህን ብሎ ልጡን ለዝንጀሮ ወረወረለት።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጉሬዛ ሾላው ላይ ቆመና ሦስት ጊዜ ተጣራ። "የዝሆን ቤት ወይ፣ በሕግ አምላክ ተጠርተሃል!" አቤት ያለ የለም። "አንድ" አለ ዳኛው፤ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ቀን እመት ጃርት ተመልሳ ሄደች። ዝንጀሮ አጥሩ ላይ ተቀምጦ በልጡ ጀርባውን ያካል።

"መጥሪያው ለጌታው ደረሰ ወይ፣ አያ ዝንጀሮ?"

"የእኔ ሥራ ቤት ማዘዝ ነው። ለጌታው ነገር የምታደርሰው ሳቢሳ ናት፤ ለእሷ እሰጣታለሁ። አይዞሽ፤ ቤቱ ትልቅ ነው፣ መላሽ አይጠፋም።"

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዳኛው ተጣራ። "የዝሆን ቤት ወይ፣ በሕግ አምላክ ተጠርተሃል!" ዝም። "ሁለት" አለ።

ያን ዕለት የእመት ጃርት ታናሽ ልጅ መቆም አቃተው። ሥር ቆፍራ፣ አላምጣ፣ ጭማቂውን አፉ ውስጥ አደረገችለት።

"እማዬ፣ ጉድጓዱ የእኛ አልነበር እንዴ?"

"የእኛ ነው ልጄ። እስከ ነገ ጠብቀኝ።"

ውሃው እኮ ሩቅ አልነበረም፤ ከእሾሁ ማዶ ይታያል።

በሦስተኛው ቀን በማለዳ ሳቢሳ ዘንድ ሄደች። ሳቢሳ ልጡን በመንቆሯ ይዛ አጥሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ጌታው አሁን ገና ነው የተኛው" አለች ሳቢሳ ልጡን በእግሯ ረግጣ። "ደግሞ እኔ እሱ ጆሮ ውስጥ የማስገባው ደስ የሚለውን ወሬ ብቻ ነው። ክስ ነግሬው ከጀርባው ቢጥለኝስ? በበር የመጣ ነገር በበር ይመለስ። አይዞሽ፤ ቤቱ ትልቅ ነው፣ መላሽ አይጠፋም።"

ልጡን ወስዳ ለከርከሮ ጣለችለት። ከርከሮ ደግሞ በዚያው ጠዋት የበሩ ማሰሪያ ተበጥሶበት ሲያማርር ነበር። "ሸጋ ልጥ ነው" አለና በሩን ጥፍር አድርጎ አሰረበት። እመት ጃርት ቆማ አየችው። አይታም ወደ ሾላው መንገዷን ቀጠለች።

የአገሩ አውሬ ሁሉ ፍርድ ሊሰማ ተሰብስቧል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዳኛው አንዴ ተጣራ፤ ሁለቴ ተጣራ። ሦስተኛውን ከመጥራቱ በፊት ሚዳቋ ፈራ ተባ እያለች ተነሣች።

"ጌታዬ፣ ትልቅ ሰው ነው። ትንሽ ብንጠብቀውስ?"

"ለትንሽ የበቃ ቀን ለትልቅም ይበቃዋል" አለ ጉሬዛ። ሦስተኛውን ጠራ። ዝም። "እንግዲህ የዝሆን ቤት ተጠርቶ አልመለሰም። ጉድጓዱ የእመት ጃርት ነው። አጥሩ ይነሣ።"

ዳኛው ፊት ፊት፣ አውሬው ኋላ ኋላ ሆኖ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። አያ ዝሆን ጫጫታው ቀሰቀሰውና እያዛጋ መጣ።

"ማን ነው በራፌ ላይ የቆመው?"

"ተፈርዶብሃል" አለው ዳኛው። "አጥሩን አንሣ።"

"መቼ ተከሰስኩና? እኔ ምንም አልሰማሁም።"

"በዚህ ሁሉ ጆሮ?" አለች ሚዳቋ፤ ሳቅ ሆነ።

ዝሆን ወደ ከርከሮ ዞረ። ከርከሮ "ለዝንጀሮ ሰጥቻለሁ" አለ። ዝንጀሮ "ለሳቢሳ ሰጥቻለሁ" አለ። ሳቢሳ "ለከርከሮ መልሻለሁ" አለች። ከርከሮ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

"ጌታዬ" አለች እመት ጃርት፣ "በሩ የታሰረበትን ይዩልኝ።"

ሁሉም አዩ። ልጡ ሦስት ቋጠሮ አለው፤ መካከለኛው ላይ ነጭና ጥቁር እሾህ ተሰክቷል። የማን እሾህ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዝሆን ድምፁ ወረደ። "እኔ እኮ መልስ ነበረኝ። አያቴ እዚሁ አሸዋ ላይ ውሃ ይቆፍር ነበር። አሥር ምስክር አቆም ነበር።"

"ይሆናል" አለው ዳኛው። "መጥተህ ብትናገር ምናልባት እኩል አካፍላችሁ ነበር። እቤት የቀረ አሥር መልስ ግን፣ ሾላ ሥር የተነገረ አንድ ቃል አያህልም።"

ዝሆን ተናደደ። እመት ጃርትን ሊረግጣት አንድ እግሩን አነሣ። እሷ አልሸሸችም፤ "በሕግ አምላክ" አለችው። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይላሉ። ዝሆንም ቆመ፣ እግሩን እንዳንጠለጠለ። አውሬው ሁሉ ያየዋል። ቀስ ብሎ እግሩን ቦታው መለሰና የአጥሩን እሾህ በገዛ ኩምቢው ይነቅል ጀመር።

ታናሹ የጃርት ልጅ ቀድሞ ጠጣ። ጠጥቶ ጠጥቶ ሆዱ ከበሮ ሲሆን ቀና ብሎ እናቱን አያት። ከዚያ ታላቁ፣ ከዚያ ሚዳቋ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ ጠጣ። ዝሆን ዳር ቆሞ ምራቁን ይውጣል። እንዲህ መሆኑን ሳስበው እኔንም ያሳዝነኛል።

"አያ ዝሆን" አለች እመት ጃርት።

ዝም አለ፤ ኩራት ነው።

"አያ ዝሆን።"

አሁንም ዝም።

"አያ ዝሆን" አለችው ሦስተኛ።

"አቤት" አለ፤ ያን የሚያህል አካል ይዞ በቀጭን ድምፅ።

"ና ጠጣ። ጉድጓዱ የእኔ ነው፤ ውሃው ግን ለተጠማ ሁሉ ነው። ተራህን ብቻ ጠብቅ።"

ከርከሮም ጉድጓዱን ተንበርክኮ እንዲጠርግ ታዘዘ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሲበላ ይንበረከካል። ዝሆን ደግሞ ከዚያ ወዲህ በር ጠባቂም ወሬ አቀባይም አያምንም። የሚጠራኝ አለ ወይ እያለ ቀኑን ሙሉ ጆሮውን ሲያራግብ ይውላል። ለዝንብ ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው።

በሉ፣ ተረቱ ለእናንተ፤ ለእኔ አንድ ጣሳ ውሃ አምጡልኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። ሌላው ያመጣል ብላችሁም አትተያዩ።

ሲጠሩት ያልሰማ ጆሮ፣ ሲፈርዱበት ይሰማል አምርሮ።