የአቶ አራጋው ቤት ምረቃ

አንድ ቀን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ አቶ አራጋው የሚባሉ የእህል ነጋዴ አዲሱን ቤታቸውን አስመረቁ። ቤቱ ባለ ፎቅ ነው፤ አሥራ አራት ክፍል አለው። እሳቸውም እንግዶቹን እያዞሩ፣ በር እየከፈቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ሳይቀር እየለቀቁ ሲያሳዩ አረፈዱ። በየበሩ ቆመው የሚናገሩት ግን ያው አንድ ነገር ነበር፤ ፊደል ሳይቆጥሩ እዚህ መድረሳቸውን።

የግቢው ዘበኛ ይመር ይባላል። ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ልጆቹን አስተምሮ ከዳረ በኋላ ተራው የእኔ ነው ብሎ፣ ከሌላው ዘበኛ ጋር ፈረቃ እየተቀያየረ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ይሄዳል። የዚያን ዕለት በር ላይ ቁጭ ብሎ መጽሐፉ ላይ እንዳቀረቀረ፣ አንድ የተከበሩ እንግዳ በመኪና መጥተው ደጋግመው ክላክስ ቢያደርጉ አልሰማም።

አቶ አራጋው ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ይመርን እንግዳው ሁሉ ወደተቀመጠበት ሳሎን አስጠሩት። እሱም መጽሐፉን በብብቱ እንደያዘ መጥቶ ጥፋቱን አመነ፤ እንግዳውንም ይቅርታ ጠየቀ። እንግዳው ምንም አይደል አሉት። አቶ አራጋው ግን የበሩን ነገር ትተው ትምህርቱን ያዙ። በዚህ ዕድሜው ተምሮ ሚኒስትር ሊሆን እንደሆነ እየጠየቁ ሰዉን ሲያስቁ ቆዩና፣

«እኔ ሳልማር አሥራ አራት ክፍል አለኝ። አንተ ተምረህ ተምረህ ስንት አለህ?» አሉት።

«ሰባት» አለ ይመር። «ሰባተኛን ባለፈው ወር ጨረስኩ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ምረጥ። ወይ ትምህርቱን ተው፣ ወይ በር ላይ ያለችውን ማደሪያህን ለቀህ ውጣ። ሰባቱ ክፍልህ ውስጥ ስታድር እናይሃለን።»

አሁን የሳቀ ሰው የለም። ይመር ከዚያች ክፍል ሌላ ማደሪያ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። እሱም ያውቃል። ቢሆንም ቀና ብሎ፣

«እወጣለሁ፣ ጋሼ። ግን እርስዎ ሲወጡ አሥራ አራቱንም እኔን አስጠብቀው ነው። እኔ ስወጣ ሰባቱንም ይዣቸው ነው» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት እኚያ ክላክስ ሲያደርጉ የነበሩት እንግዳ ናቸው፤ ከዚያ ሳሎኑ በሙሉ ተከተላቸው። አቶ አራጋው ሊቆጡ ጀምረው ነበር፤ ግን ሳቁ እሳቸውንም አሸነፋቸው። በል ወደ በርህ ሂድ ብለው አሰናበቱት።

እንግዶቹ ተሸኝተው ካለቁ በኋላ አቶ አራጋው ብቻቸውን ወደ በሩ መጡ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ስማ ይመር» አሉት፤ «እዚያ ትምህርት ቤታችሁ፣ ለእኔ የምትሆን አንድ ክፍል ትገኝ ይሆን?»