እስትንፋስ የሚያዞረው ማጠንጠኛ

ልጄ ትርሲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እሑድ ነበር። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ካህኑ የነቢዩ ኤልያስን ነገር አስተምረው ነበር፤ ብርቱ ነፋስ አለፈ፣ ምድር ተናወጠች፣ እሳት መጣ፣ እግዚአብሔር ግን በአንዳቸውም ውስጥ አልነበረም፤ ከሁሉም በኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ የሚለውን። ከሰዓት በኋላ ጸጉሯን ልሠራት በራፍ ላይ በርጩማ አወጣሁና ማበጠሪያ አምጪ አልኳት። እንደ ሁልጊዜው መደርደሪያው ላይ ያለውን የአክስቷን የአስካለን ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳሕን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ አመጣችልኝ። ሳሕኑ እኛ ቤት ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ከጉልበቴ ሥር ተቀምጣ፣ አንገቷን እንደ ደፋች እንዲህ አለች፦

«እማዬ፣ እግዚአብሔር ያን ያህል ትልቅ ከሆነ ለምን ጮክ ብሎ አይናገርም? ቀስ ብሎ ከተናገረ እኮ ሰው ላይሰማው ይችላል።»

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። መጽሐፍ ገልጬ የምመልሰው ነገር የለኝም። ግን ያደግኩት ሐይቅ ዳር ነው፤ አባቴም አጥማጅ ነበር። ደግሞ ጸጉሯ በእናቷ እጅ የተያዘ ልጅ ተነሥታ አትሄድም። ስለዚህ ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። ዓሣ አጥማጅ ነው። አባቱም አጥማጅ ነበር፣ ነገር ግን አርጅቶ ዓይኑ ጠፍቷል። አንድ ዓመት ክረምቱ እንዳለፈ ሽማግሌው ታመመና እህል እምቢ አለው። ገንፎ ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል፤ ወተት ሲሰጡት ይመልሰዋል። በአራተኛው ቀን ልጁን ጠርቶ፣ ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ የሚያዝ ዓሣ መረቅ ቢሆን ምናልባት ይወርድልኝ ነበር አለው። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ ደስም አለው፣ ጨነቀውም። ደስ ያለው ሽማግሌው አንድ ነገር ስላማረው ነው። የጨነቀው ደግሞ የደንገሉ ዓሣ በቀላሉ የሚያዝ ስላልነበረ ነው።

በዚያ ሐይቅ ዳር አንድ ልማድ አለ። ደንገሉ መሐል ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ጥርት ያለ ነው፣ ዓሣዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ታንኳ ወደዚያ አይገባም፤ መረብም አይጣልም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ማንም አላደረገውም፤ ያደረገ ሰው ቢኖር የልጅ ልጆቹን ምሳ በልቷል ይባላል። ከደንገሉ ዓሣ የፈለገ ሰው ሠላሳ ክንድ ርቆ ይቆማል፤ ከዚያ መንጠቆውን በዘንግ ወርውሮ በደንገሉ መሐል ባለችው ክፍት ቦታ ላይ ማሳረፍ አለበት። መንጠቆው ላይ የሚታሰረውም ትል ወይም ሥጋ አይደለም። እነዚያ ዓሣዎች የሚነሡት ለትንሽ ነገር፣ ለዝንብ ለመሰለ ነገር ብቻ ነው። ሽማግሌው ታሞ ተኝቶ እያለ እንኳ በጣቶቹ እየዳሰሰ የጅግራ ላባ በመንጠቆ ላይ አሰረለት። መዳፍ ላይ ብታስቀምጪው መኖሩን አታውቂውም።

ልጁ ሁለት ማጠንጠኛ ነበረው። ማጠንጠኛ ማለት ዘንጉ ላይ የሚታሰር፣ ክሩ ሆዱ ውስጥ ተጠምጥሞ የሚቀመጥ፣ ስትወረውሪ ሆዱ እየተሽከረከረ ክሩን የሚለቅ ነገር ነው። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ከብረት የተሠራ፣ ሆደ ሰፊ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ። ከሐይቁ መሐል ክንድ የሚያህል ዓሣ ያወጣበት ስለ ነበር ሰውየው ይኮራበታል። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ቀላል፣ ሆዱም ብዙ የማይዝ። ይህን የሰጠው አንድ መንገደኛ ነበር፤ ስለ እሱ የነገረው ነገር ቢኖርም ረስቶታል። ጓደኞቹ ሲያዩት ይህን ለሚስትህ የስፌት ክር ስጣት ብለው ስቀውበት ነበርና ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ሰውየው እንግዲህ ትልቁን ይዞ ሄደ። አባቴ የሞትና የሕይወት ነገር ላይ ነው፤ ለትልቅ ጉዳይ ትልቁን አለ። ወረወረ። ላባዋ እግሩ ሥር ወደቀች። ለካ ያ ከባድ ሆድ ለመንቀሳቀስ የሚጎትተው ከባድ ነገር ይፈልጋል። ላባ ብትጎትተው አልሰማትም። በሁለተኛው ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ወረወረ። አሁን ሆዱ ተሽከረከረ፤ ነገር ግን ላባዋ በአየር ላይ ስትደክም እሱ አልቆም አለ። ክሩን መትፋቱን ቀጠለ፣ ክሩም መሄጃ አጥቶ እዚያው ተቋጥሮ ተጠላለፈ። እስከ ቀትር ሲፈታ ዋለ። በአጠገቡ በታንኳ ያለፈ አጥማጅ፣ አንተ ሰው፣ ዛሬ ደግሞ የወፍ ጎጆ ነው እንዴ ያጠመድከው አለው።

በማግሥቱ ብልሃት ያገኘ መሰለው። ላባዋ ላይ እርሳስ ጨመረባት፤ ያ ለመረብ ማስመጫ የሚሆነውን ከባዱን እርሳስ። አሁን በእርግጥ በረረች፤ ክፍት ቦታዋ ላይም አረፈች። ነገር ግን ጧ ብላ ነው ያረፈችው። ውሃው ተናወጠ፤ ዓሣዎቹም እንደ ጥላ አለፉና ጠፉ። ቀኑን ሙሉ ቢጠብቅ አንድም አልተመለሰም።

ባዶ እጁን ቤት ሲገባ አባቱ ሁለቱንም ማጠንጠኛ አምጣልኝ ብቻ አለው። አመጣለት። ሽማግሌው ትልቁን በእጁ መዘነ፣ ወደ አፉ አቀረበና እፍ አለበት። እስትንፋሱ የበሽተኛ እስትንፋስ ነው፤ ሻማ እንኳ አያጠፋም። ትልቁ አልተንቀሳቀሰም። ትንሹን አነሣና እፍ አለበት። እሱም አልተንቀሳቀሰም።

ሽማግሌው ጣቱን በትንሹ ሆድ ላይ አሳለፈ። እስከ አፉ ሞልቷል። ሰውየው ግድግዳ ላይ ሲሰቅለው እንኳ ባዶ መሆኑ አላስደሰተውምና ወፍራም ክር አጭቆበት ነበር።

«ደንገሉ ስንት ክንድ ይርቃል?»

«ሠላሳ።»

«እዚህ ላይ ስንት ክንድ ጠምጥመሃል?»

«መቶ ይሆናል፣ አባባ።»

«ለምን?»

«ምናልባት ቢያስፈልግ ብዬ» አለ ሰውየው።

«ፍታው» አለው ሽማግሌው።

ሰውየው ክሩን መፍታት ጀመረ። ያ ወፍራም ክር በቤቱ ወለል ላይ ሲከመር የበግ ጸጉር መሰለ። ሁሉንም አወጣውና በምትኩ አርባ ክንድ ቀጭን ክር ብቻ ጠመጠመ። ሲጨርስ ማጠንጠኛው ያለ አይመስልም፣ ያን ያህል ቀለለ። ወደ አባቱ አፍ አቀረበው። ሽማግሌው እፍ አለ፤ እንዲያውም እፍ አላለም፣ ተነፈሰ ብንል ይሻላል። ትንሹ ሆድ ዞረ። ድምፅ ሳያሰማ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሰውየው ትንፋሹን ይዞ አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። የሚሞት ሰው እስትንፋስ ይህን ካዞረ፣ ላባ እንዴት ያቅታታል?

ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ቆመ። ወረወረ፤ በጉልበት አይደለም፣ ለሕፃን ኳስ እንደሚወረውር ሰው ነው። ላባዋ ሄደች። ክሩ ተከተላት። አውራ ጣቱን በሚዞረው ሆድ ላይ፣ የተኛ ልጅ ጉንጭ እንደሚነካ ሰው፣ ቀስ አድርጎ አሳረፈ፤ ላባዋ ስትደክም ሆዱም አብሮ ቆመ። በክፍት ቦታዋ ላይ ወረደች። ውሃው መውረዷን ያወቀ አይመስልም። አንዲት ክብ መስመር ብቻ ተዘርግታ ደንገሉ ሥር ደርሳ ጠፋች። ከዚያ ዓሣዎቹ ከታች ሆነው፣ ምንም ሳይፈሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ፣ ዞረው ወደ ላይ ሲያዩ አያቸው። ሰውየው አጥማጅ መሆኑን ረሳ። በዘመኑ ሁሉ እነዚህን ዓሣዎች ሲሸሹ እንጂ ሲመጡ አላያቸውም ነበር። ቆቡን ማውለቅ ፈለገ፣ ግን እጁ ዘንጉን ይዟል። አንዷ ተነሣችና ላባዋን ወሰደች።

ያን ቀን ሽማግሌው ሦስት ማንኪያ መረቅ ዋጠ። በማግሥቱ ስድስት። ከዚያም ተነሥቶ ደጅ ተቀመጠ።

እዚህ ስደርስ ግማሹን ጸጉሯን ሠርቼ ነበር። እጄን አሳረፍኩና እንዲህ አልኳት፦ አየሽ ልጄ፣ ያቺ ላባ የእግዚአብሔር ድምፅ ናት። እሱ እርሳስ ማሰር አቅቶት አይደለም። ተራራ የሚያናውጥ ጌታ ጮክ ማለት አያቅተውም። ግን ጮክ ቢል እንደ ደንገሉ ዓሣዎች ሁላችንም እንሸሻለን፤ ማን ይቆማል? ስለዚህ እኛን እንዳያስደነግጠን ብሎ ራሱን ያቀላል። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማጠንጠኛው ደግሞ የእኛ ልብ ነው። ላይሰማው ይችላል ያልሽው እውነት ነው፤ ልብ ምናልባት ቢያስፈልግ እየተባለ ብዙ ሲጠመጠምበት በላባ አይዞርም። ያን ጊዜ ድምፁ ትንሽ ሆነ እንላለን። ድምፁ የላባ ያህል ነው፤ ድሮም እንዲሁ ነበር። የከበድነው እኛ ነን። የምንፈታው እኛ ነን።

ትርሲት የገባት መሰለኝ። ከዚያ አንገቷን እንደ ደፋች፣

«እማዬ፣ ያንቺ ይዞራል?» አለችኝ።

ዓይኔ በተከፈተው በር ገብቶ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ያን ሰማያዊ ሳሕን አስካለ፣ ታላቅ እህቴ፣ የእናታችን ተዝካር ዕለት ምግብ ሞልታ ነበር የላከችልኝ። በዚያው ቀን በቃል ተጋጨን። ማን ምን እንዳለ አሁን በደንብ አላስታውሰውም። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ለእሷ ሳሕን የሚመጥን ነገር ሳገኝ እመልሳለሁ እያልኩ ቆየሁ። ዶሮ ወጥ ስሠራ ይህ አነሰ እላለሁ፤ ድፎ ስጋግር የዛሬው አላማረም እላለሁ። ደግሞ ስመልስ የምነግራትን ቃል አዘጋጅ ነበር፤ በየቀኑ አንድ ክንድ እየጨመርኩ። በዚህ መሐል ሳሕኑን ለማጠብ ባነሣሁ ቁጥር አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሂጂ ይለኝ ነበር። እኔ ግን ሐሳብ ነው እያልኩ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ለልጄ ግን፣ «አንገትሽን አታንቀሳቅሺ፣ ጠማማ ይሆንብሻል» ብቻ አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ትርሲትን ትምህርት ቤት አደረስኩ። ተመልሼ ሳሕኑን አጠብኩ፣ በነጠላዬ ጫፍ አደረቅኩት። የምጨምርበትን ነገር ፈልጌ እንጀራ የተቀመጠበትን ሞሰብ ከፈትኩና መልሼ ከደንኩት። ባዶውን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያን ሁሉ ያዘጋጀሁትን ቃል አንድ በአንድ ጣልኩት፤ በሯ ላይ ስደርስ የቀረኝ አንድ ስሟ ብቻ ነበር። ሳሕኑን በግራ እጄ ያዝኩና፣ በቀኜ በአንድ ጣት፣ ቀስ ብዬ አንኳኳሁ።