ማኅተሙ የታጠበ ወረቀት

በአንድ ወቅት ጋይንት ውስጥ ቤት ይነድ ነበር፤ የአያ ጓንጉል ቤት። ሰው ሁሉ ከብት ያወጣል። ትልቁ ልጁ ደምሌ ግን ተመልሶ ወደ እሳቱ ገባ።

የገባው ግድግዳው ላይ ለተሰቀለችው የቀርከሃ ሰገባ ነው። በውስጧ፣ በአያቱ ዘመን የነገሡት ንጉሥ ለቤቱ የሰጡት ባለማኅተም ወረቀት አለ። አያ ጓንጉል ፊደል አያውቅም፤ አንበሳ ያለበትን ማኅተም በጣቱ መዳበስ ግን ያውቃል። የቤቱም ደንብ አንድ ነው፤ ወረቀቱን ያዳነ ይወርሰዋል።

ደምሌ ቀርከሃዋን ይዞ ወጣ። ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲህ እርፍ ጨብጦ አያውቅም።

ኋላ ከከተማ አንድ ሰው መጣ። የድሮ ነገሥታትን ዕቃ ሰብሳቢ ነው፤ ማኅተም፣ ዋንጫ፣ ኮርቻ፣ ብል የበላው ካባ ሳይቀር።

«አባቴ፣ ፎቶ አንስቼ እመልሳለሁ» አለ።

አያ ጓንጉል አመነው። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ ሰውየው በዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ልጅ ሙጨ እጮኛውን ትቶ ከተማ ወረደ፤ በሰብሳቢው ደጅ ዘበኛ ሆኖ ገባ። ወረቀቱን ከንጉሥ ዋንጫ ጎን፣ መስተዋት ውስጥ አገኘው። ሰበረና በአገር ሰው እጅ ላከው። እሱ ተያዘ። ከወህኒ ሲወጣ እጮኛው የሌላ ሰው ልጅ አዝላ ነበር።

የመጨረሻዋ ልጅ ሽታዬ ናት። ባሏ ሞቷል፤ ያላት አንድ ሕፃን ነው። ትኩሳት ያዘው። የጤና ጣቢያው መድኃኒት እምቢ፣ ጠበሉም እምቢ አለ። የንጉሥ ማኅተም ታጥቦ ቢጠጣ ሞት ይመልሳል ሲባል ሰምታለች። ወረቀቱን በቅል ውኃ ነከረች። አያ ጓንጉል የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ አንበሳው ሲሟሟ አየ።

ሕፃኑ ጠጣ። በማግሥቱ ሞተ።

እነሆ አባትና ሦስቱ ልጆች መቃብሩ አፍ ላይ ቆመዋል።

«እጄን የበላ ወረቀት ነው፤ ባዶም ቢሆን የኔ ነው» አለ ደምሌ።

«አንተስ ሌላ እጅ ቀረልህ» አለ ሙጨ። «ለኔ ሌላ ዕድሜ ከየት ይመጣል?»

«ዝም በል፣ የመስተዋት ሌባ!»

«ሌባው ባይኖር ዛሬ በምን ትጣላ ነበር?»

ሽታዬ አላያቸውም። «ማኅተሙ ልጄ ሆድ ውስጥ ነው። እናንተ የምትጣሉት በልባሱ ነው። ወረቀቱም አብሮት ይግባ። አንተም አባዬ፣ ቁጭ ብለህ እያየህ አልከለከልከኝም።»

አያ ጓንጉል ወረቀቱን ዳበሰ። ጣቱ ምንም አላገኘም። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ፤ ደምሌ ግራውን።

መምሬ ይርዳው ጸሎቱን ጨርሰው ወደ እሱ ዞሩ።

«አያ ጓንጉል፣ አፈሩ ሊመለስ ነው። በል ተናገር፤ ከሦስቱ ለማን ይገባል?»